ምዕራፍ 7፦ በሁለት ታማሚዎች መካከል

በአንዱ ክፍል የአሥራ አራት ዓመት ውሻ ብርድ ልብስ ላይ ተኝቷል፤ ኩላሊቱ ከደከመ ሰንብቷል። ሐኪሟ የፊት እግሩን ፀጉር ላጭታ ደም ሥሩ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብታለች። ባለቤቱ ጭንቅላቱን ታቅፋ ጆሮው ሥር ታሻሸዋለች። መድኃኒቱ ሲገባ ውሻው አንዴ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ልቡ መቆሙን እስክታረጋግጥ ትጠብቃለች። ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ፤ ይህን የማያውቅ ባለቤት ስለሚደነግጥ አስቀድማ ነግራታለች። "አልፏል" ትላለች በዝግታ። ከዚያ ኮሪደሩን አቋርጣ ሌላ በር ትከፍታለች። እዚያ ሁለት ልጆች የስምንት ሳምንት ቡችላ ለመጀመሪያ ክትባት ይዘው እየተፍለቀለቁ ይጠብቋታል። ፈገግ ማለት አለባት፤ የቡችላውን ስም መጠየቅ አለባት። በሁለቱ በሮች መካከል ያላት ጊዜ እጇን የምትታጠብበት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ጠዋት ለንደን ወይም ቺካጎ ላለ የእንስሳት ክሊኒክ የተለመደ የሥራ ቀን ነው። በእኛ አገር ወረዳ ክሊኒክ መልኩ ይለያል፤ ወረፋ የሚጠብቀው የእርሻ በሬ፣ የጋሪ ፈረስ ወይም ጀርባው የተላጠ አህያ ነው። ክብደቱ ግን አይለይም። የእንስሳት ሐኪሙ፣ የክሊኒክ ረዳቷ፣ የመጠለያ ሠራተኛዋ፣ የቄራው ሥጋ መርማሪ፣ ክትባት ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ሁሉም ከአንድ ከባድ ነገር ወጥተው ወዲያው ወደ ሌላው የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ከባዱ ቅጽበት በራሱ ይጎዳል። ልብ ሳይባል፣ ስም ሳይሰጠው፣ ወደ ቀጣዩ ታማሚ ከዚያም ወደ ቤት ይዘውት ሲሄዱ ግን ጉዳቱ ይበረታል። ስለዚህ ባለሙያው ራሱን መጠበቅ የሚጀምርበት ትክክለኛ ቦታ ይህችው በሁለት ታማሚዎች መካከል ያለች ጠባብ ጊዜ ናት።

የሚያድንም የሚገድልም እጅ

የሰው ሐኪም በአብዛኛው ዓለም በሽተኛውን እንዲገድል አይጠየቅም። የእንስሳት ሐኪም ይጠየቃል፤ ተስፋ የሌለውን እንስሳ ከሥቃይ መገላገልም የሙያው ግዴታ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር አርኖልድ አርሉክ በእንስሳት መጠለያ የሚሠሩ ሰዎችን ቀርቦ አጥንቶ ይህን ኑሮ የመንከባከብና የመግደል ቅራኔ ብሎ ጠራው። ጠዋት ያበላችውን፣ ያጠበችውን፣ ስም ያወጣችለትን ውሻ ቦታ በመጥበቡ ብቻ ከሰዓት በኋላ በመርፌ የምትገድል ሠራተኛ አለች። ወደዚህ ሥራ ያመጣት የእንስሳት ፍቅር ነው፤ ሥራው የሚያቆስላትም በዚያው ፍቅር በኩል ነው።

በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፈላስፋ በርናርድ ሮሊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ ልዩነት ለይቶ አሳየ። ሥራ ሲበዛ የሚመጣ ድካም አለ፤ እሱን እንቅልፍና የዓመት ፈቃድ ያቀሉታል። የሞራል ጫና ያለው ግን እረፍት የማይነካው ሸክም ነው። ባለቤቱ ቤት ስለቀየረ ብቻ ጤነኛ ውሻ እንዲገደል ይዞ ሲመጣ፣ ሐኪሙ ትክክል ነው ብሎ በሚያምነውና እጁ በሚሠራው መካከል ይያዛል። ሁለት ሳምንት ባሕር ዳርቻ አርፎ ቢመለስ ያው ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል።

እኛ ዘንድ ይኸው ሕመም በሌላ በር ይገባል። ጤነኛ በሬዬን ግደልልኝ ብሎ የሚመጣ ገበሬ የለም። የሚመጣው እንዲህ ያለው ነው፦ አንድ አዛውንት ሳምባ ጎብኝ የያዘውን በሬ እየነዱ ይደርሳሉ። በሬው አንገቱን ዘርግቶ፣ ክርኖቹን ከደረቱ አርቆ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ያቃስታል። ቤት ውስጥ ባለው መድኃኒት ሲሞከር ከርሟል።

"ዶክተር፣ ይተርፍልኝ ይሆን?"

"አባባ፣ ትንሽ ቀደም ብለው ቢያመጡት..." ይልና ወጣቱ ሐኪም ቀሪውን ይውጠዋል። አሁን መናገሩ አዛውንቱን ከማሳዘን በቀር የሚፈይደው የለም። መደርደሪያው ላይ ያለው ኦክሲቴትራሳይክሊን ብቻ ነው። መርፌውን ይወጋል። በሬው ከሞተ ሰውየው ጥማዳቸው እንደሚፈርስ፣ እርሻውም እንደሚጾም ያውቃል። ውጭ ወረፋው ረዝሟል፤ ቀጣዩን ይጠራል። የዋጠው ዓረፍተ ነገር ግን አብሮት ይውላል።

በቦረናና በሶማሌ ቆላዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር ሚሊዮኖች ከብት፣ በግ፣ ፍየልና ግመል አለቁ። በረሃብ የተዳከመች ላም ከተኛችበት በራሷ መነሳት ስለማትችል ሰዎች ተረባርበው ጎንና ጎኗን፣ ጅራቷንም ይዘው ያቆሟታል፤ በማግስቱም እንዲሁ። በዚያ መሐል የሚሠራ ባለሙያ ላሟ የሚያስፈልጋት ሣርና ውኃ መሆኑን ያውቃል። ቦርሳው ውስጥ ያለው ግን ክትባትና የትላትል መድኃኒት ነው። ሥራውን ያውቃል፣ ላሟንም ያያታል፣ ሊሰጣት የሚገባው ነገር ግን በእጁ የለም። የሞራል ጫና ማለት ይህ ነው።

ሸክሙ ሲመዘን

ይህ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምዕራፍ ባላስፈለገው። ዴቪድ ባርትራምና ዴቪድ ባልድዊን እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት በብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች ራስን የማጥፋት መጠን ከአጠቃላዩ ሕዝብ አራት እጥፍ ያህል፣ ከሌሎች የጤና ሙያዎችም ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን አመለከተ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ከ1979 እስከ 2015 የሞቱ የእንስሳት ሐኪሞችን መዝገብ አገላብጦ 398ቱ ራሳቸውን ማጥፋታቸውን አገኘ። መጠኑ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በሴቶቹ 3.5 እጥፍ፣ በወንዶቹ 2.1 እጥፍ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች አይቶ የእንስሳት ሐኪሞች ከሌላው ሰው ይልቅ ደካማ ናቸው የሚል ካለ ተሳስቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት እንስሳትን ለማሰናበት የሚያገለግለው መድኃኒት ከስሌቱ ሲወጣ በሐኪሞቹና በሌላው ሕዝብ መካከል ያለው ልዩነት በእጅጉ እንደሚጠብ አሳይቷል። ይህ ግኝት ብዙ ያስተምራል፤ ተስፋም ይሰጣል። በጣም የጨለመው ሰዓት ሰዓት ነው፤ ያልፋል። በዚያ ሰዓት መድኃኒቱ እጅ ላይ ባይኖር ብዙ ሰው ይተርፋል። ቁልፉ በሁለት ሰዎች እጅ የሆነ ቁም ሣጥንና በአንድ ሰው ለብቻ የማይወጣ መድኃኒት የንብረት ቁጥጥር ጉዳይ ተደርጎ ይታያል፤ የሰው ሕይወት የሚያተርፍ ደንብም ነው።

ሸክሙ በሥራው ማግስት እንደማይወርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የሆነው ያሳያል። አፍተግር ሲገባ በሽታውን ለመቁረጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ፤ ብዙዎቹ ያልታመሙ፣ ከታመመው መንጋ ጎረቤት የነበሩ ናቸው። ክፉኛ በተመታው በከምብሪያ አውራጃ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ማጊ ሞርትና ባልደረቦቿ 54 ሰዎች ለ18 ወራት በየሳምንቱ ማስታወሻ እንዲጽፉ አደረጉ። ከጸሐፊዎቹ መካከል ገበሬዎች፣ በዘመቻው ግንባር የሠሩ ሠራተኞችና የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። የታረዱት የተቃጠሉበት እሳት ከጠፋ፣ መስኩ ከጸዳ፣ ጋዜጦቹም ወደ ሌላ ወሬ ካለፉ በኋላ በማስታወሻዎቹ ላይ የሚነበበው የሐዘንተኛ ስሜት፣ ሌላ መዓት ይመጣል የሚል ፍርሃትና በባለሥልጣናት ላይ እምነት ማጣት ነበር። ያልተለቀሰ ሐዘን ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይለቅም።

አስተውሎት ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ ሳይንቲስት በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥልጠና ከፈተ። ወደ እሱ የተላኩት በመድኃኒት ያልተሻላቸው፣ ሕመም ሥር የሰደደባቸው ሰዎች ነበሩ። ሥልጠናው ከቡድሃ እምነት የተመስጦ ልማድ የተቀዳ ሲሆን ሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ተለይቶ ልምምዱ ብቻ ቀርቷል፦ አሁን እየሆነ ያለውን፣ ትንፋሽን፣ የሰውነትን ስሜት፣ የሚመጣ የሚሄደውን ሐሳብ፣ ሳይፈርዱ ማየት። አስተውሎት የምንለው ይህን ነው። ጸሎቱን ወይም ሶላቱን የሚያደርስ ሰው እምነቱን ትቶ ሌላ እንዲይዝ የሚጠይቀው ነገር የለም።

ውጤቱን አናጋንን። እ.ኤ.አ. በ2014 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን የተባለው መጽሔት ያወጣው ግምገማ 47 ሙከራዎችንና 3,515 ተሳታፊዎችን መረመረ። እንዲህ ያሉ ልምምዶች ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚቀንሱ አገኘ፤ ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ እንደሚበልጡ ግን ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ አስተውሎት በመጠኑ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ለእንስሳት ሐኪም የሚመቸው ዋጋ ስለማይጠይቅ፣ ቦታ ስለማይፈልግና ከሥራው መሐል ስለሚገባ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ከማንም ይቀርባል። የጤነኛ ውሻ ደረት ያዳመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው የልቡ ምት እኩል አይሄድም። ውሻው አየር ሲያስገባ ይፈጥናል፣ ሲያወጣ ይዘገያል። ተማሪ መጀመሪያ ሲሰማው በሽታ ያገኘ ይመስለዋል፤ መምህሩ ግን ይህ የጤና ምልክት መሆኑን ያስረዳዋል። ከአንጎል ሥር ተነስቶ እስከ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብ ልጓም ነው፤ ትንፋሽ ሲገባ ይላላል፣ ሲወጣ ይጠብቃል። በሰውም ውስጥ ይኸው ይሠራል። ትንፋሽን ካስገቡበት አስረዝሞ ማውጣት ልቡን ዝግ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

ልምምዱ እነሆ። ከታማሚው ክፍል ወጥተው መታጠቢያው ጋ ሲቆሙ ውኃው እጅዎ ላይ ሲወርድ ቅዝቃዜውን ልብ ይበሉ። ሳሙናውን በጣቶችዎ መካከል እያሹ ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ተስቦ እንደሆነ ይዩ፤ ከሆነ ያውርዱት። ጥርስዎን ነክሰው እንደሆነ ያላሉት። በአፍንጫዎ አየር ስበው በቀስታ፣ በረጅሙ ያውጡ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ አሁን ያለፈውን በልብዎ በአጭሩ ይናገሩ፦ "ውሻው ሞተ። አዝኛለሁ። የሚገባውን አድርጌለታለሁ።" እውነቱ ሌላ ከሆነም እውነቱን ይናገሩ፦ "ተናድጃለሁ። መድኃኒቱ ቢኖር ኖሮ ይድን ነበር።" ስሜቱን ማባረር አያስፈልግም፤ በስሙ መጥራት በቂ ነው። እጅዎን እያደረቁ የሚቀጥለው ታማሚ ማን እንደሆነ ያስታውሱ። ከዚያ በሩን ይክፈቱ። ቧንቧ በሌለበት የገጠር ክሊኒክ ጓንት የሚያወልቁበት ወይም ከጄሪካን ውኃ የሚቀዱበት ጊዜ ለዚሁ ይሆናል።

ስሜትን በስሙ መጥራት ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ታይቷል። ማቲው ሊበርማን የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የሚያዩትን የቁጣ ወይም የፍርሃት ፊት በቃል ሲሰይሙ፣ ለሥጋት ምላሽ የሚሰጠው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ በአንጎል ምስል አሳይተዋል።

ልምምዱ ለታማሚውም ይተርፋል። በስዊድን ሊንዳ ኪሊንግና ባልደረቦቿ ሰዎች ፈረስ እየሳቡ እንዲሄዱ አደረጉ፤ በመጨረሻው ዙር ፈረሱ ሲያልፍ ጃንጥላ በድንገት እንደሚዘረጋ ነገሯቸው። ጃንጥላው አልተዘረጋም። ሰዎቹ ግን ይዘረጋል ብለው ስላሰቡ የልባቸው ምት ጨመረ፤ የፈረሶቹም አብሮ ጨመረ። ፈረሱ የፈራው የሰውየውን ፍርሃት ነበር። የጋሪ ፈረስ ሰኮና የሚያነሳ፣ ወላድ ላም የሚያዋልድ፣ የተቆጣ ድመት የሚይዝ ሰው ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ተረጋግቶ የገባ ሐኪም ታማሚውንም ራሱንም ከእርግጫና ከንክሻ ያድናል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። አስከፊ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያ ምስል ሊመለስበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩ መሬት መርገጡን እያሰበ ይለማመድ፤ ካልተሻለው ያቁምና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክር።

የዳነውንም መቁጠር

አስተውሎት ሕመሙን ብቻ የማየት ልምምድ ከሆነ ጎዶሎ ነው። ይህ ሙያ በኢትዮጵያ ምን እንዳተረፈ ለማወቅ ደስታ የተባለውን የከብት በሽታ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ በመጣ ከብት ገብቶ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀው፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ዛሬም ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ ተከተለ። ከመቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መኪና በማይገባባቸው የአፋር ቆላዎች ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው በእግር መንጋ ለመንጋ ዞሩ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ፈጽሞ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ሆነ። ከእነዚያ ከታቢዎች አንዱ በሥራ ላይ ሳለ ያየው አቧራ፣ ሙቀትና የሚራገጥ ወይፈን ነበር። ሥራው ግን በዘመናት መካከል የሚቆጠር ሥራ ነው።

የክሊኒክ መዝገብ በሽታውን፣ መድኃኒቱንና ሞቱን ይመዘግባል። ማታ የመዝገቡን ገጽ ከመዝጋት በፊት የዳነውንም ማየት ይገባል፦ ጡቷ ተቆጥቶ የነበረች ላም ዛሬ ንጹሕ ወተት ሰጠች፤ የአህያው ቁስል ጠርዙ መጥበብ ጀመረ፤ ሕፃን የነከሰ አንድ ውሻ ታስሮ ክትትል ሲደረግለት ቆይቶ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ እናትየዋ እፎይ አለች። ይህን አንድ መስመር አድርጎ በግል ደብተር ላይ መጻፍ ራስን ማታለል አይሆንም። የቀኑ እውነት ሁለት ፊት ስላለው ሁለቱንም መመዝገብ ነው።

ትንፋሽ የማይፈታው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መታከትን በዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባው ሲያካትት በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት አለው። ምንጩ ሥራ ቦታው ከሆነ መፍትሔውም ከግማሽ በላይ እዚያው መሆን አለበት። ሌሊት ተጠርታ ስታዋልድ ያደረች ሐኪም ጠዋት ሙሉ ወረፋ ከጠበቃት፣ ደመወዙ ቤት ኪራይ ካልሸፈነ፣ የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶ ከሆነ፣ "ትንፋሽሽን አስተውዪ" ማለት ጥፋቱን እሷ ላይ መጣል ነው። አስተውሎት የሚገባውን ሥራ የሚሠራው ባለሙያው የጎደለውን በግልጽ አይቶ፣ በረጋ አንደበት እንዲጠይቅ ሲያደርገው ነው።

በሌላ አገር ይህን የተረዱ አሉ። በብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ማይንድ ማተርስ የተባለ የአእምሮ ጤና መርሐ ግብር ጀመረ፤ ቬትላይፍ የተባለው በጎ አድራጎት ደግሞ ቀን ከሌት የሚሠራ የስልክ መስመር አለው። በአሜሪካ በዚያው ዓመት ኖት ዋን ሞር ቬት የተባለ ስብስብ ተመሠረተ፤ የተነሳው የሙያ ባልደረባ በሞት ካጡ ሐኪሞች መካከል ነው። ሁሉም የተነሱት አንድ ነገር ተረድተው ነው፦ ሐኪም ለሐኪም ሲናገር ሐፍረቱ ይቀንሳል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላል የእኛ ሰው፤ ገበሬውን በዚህ የሚመክር ሐኪም ለራሱም ይስማው። እንቅልፍ ከራቀው፣ ይወደው የነበረውን ሥራ ከጠላ፣ ለታማሚው ምንም ስሜት ካጣ፣ ወይም መኖር ራሱ ከከበደው፣ ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ይንገር፤ ለባልደረባ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለንስሐ አባት ወይም ለሼኹ። ቀጥሎም ወደ ሕክምና ይሂድ። አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የሚሰማውም ሰው ምክር ለመስጠት ከመቸኮል ይልቅ አብሮ ይቀመጥ፤ ሞትን እያሰበ እንደሆነም ሳይፈራ በቀጥታ ይጠይቀው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብቻውን የያዘውን እንዲያወርድ በር ይከፍትለታል።

የክሊኒክ፣ የመጠለያ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሆነ ሰው ገንዘብ ሳይመደብለት ሊያደርጋቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። እንስሳ በመርፌ ከተሰናበተ በኋላ ለዚያው ባለሙያ ወዲያው ሌላ ታማሚ አይመድብ፤ አምስት ደቂቃ በሥራ ሰሌዳው ላይ ይጻፍለት። እንዲህ ያለው ሥራ በየቀኑ በአንድ ሰው ላይ አይውደቅ፤ በተራ ይሁን። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ በሁለት ሰው ይከፈት። ከባድ ሳምንት ሲያልፍ ሠራተኞቹ ቡና ተፈልቶ ይቀመጡ፤ ምን እንደሠሩ ብቻ ሳይሆን ምን እንደከበዳቸው ይጠየቁ፤ ኃላፊውም ቀድሞ የራሱን ይናገር። እነዚህን መወሰን የኃላፊው ድርሻ ነው። በሁለት ታማሚዎች መካከል ቆሞ ትንፋሹን አስረዝሞ ማውጣትና የሆነውን በስሙ መጥራት ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ነገ ጠዋት ሥራ የሚገባ ማንኛውም ባለሙያ ከመጀመሪያው ታማሚ በኋላ ሊጀምረው ይችላል።